ሐሮማያ በማን መዝገብ ላይ ነበረ? «መጀመሪያ እንደግ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ የምድር የተፈጥሮ ወሰን የሚባለው የጠገቡ አገሮች ጭንቀት ነው፤ ድሃ አገር አካባቢውን የሚጠብቀው ከበለጸገ በኋላ ነው፤ ውሃ ሲያጥር ዋጋ ይወደድና ሰው ራሱ ይቆጥባል፤ ዋጋ ያልፈታውን ደግሞ የጠብታ መስኖና የፀሐይ ፓምፕ ይፈቱታል፤ የኢኮኖሚ መለኪያዎቻችንም ምንም አልጎደላቸውም። ጸሐፊው ማስረጃ ብለው ያቀረቡት ሐረር አቅራቢያ የሚገኘውን የሐሮማያን ሐይቅ ነው። ደረቀ ተብሎ ስንት ተለቅሶለት ይኸው ተመልሷል ይላሉ። ምሳሌውን እሳቸው ስለመረጡልን እኛም ከሐሮማያ ብዙ አንርቅም። (ከአንድ አዋጅ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ ነገር እንስማማለን። የኢትዮጵያ ገበሬ ለምድር መሞቅ ተጠያቂ አይደለም። የዓለም ሰው በአማካይ በዓመት ከ4 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ሲለቅ የኢትዮጵያዊ ድርሻ ግማሽ ቶን እንኳ አይሞላም። ቅነሳው ከባለጸጎቹ ይጀምር፣ ክርክር የለንም። ጸሐፊው የሳቱት ወሰን ሲባል ሁሉንም ካርቦን አድርገው በማየታቸው ነው። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ጆሃን ሮክስትሮምና ባልደረቦቹ በ2009 ዘጠኝ የምድር ወሰኖችን (ተፈጥሮ ሳትናጋ የምትችለውን ጫና ጣሪያ) ሲዘረዝሩ የአየር ንብረት ከዘጠኙ አንዱ ብቻ ነበር፤ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ፣ የመሬት አጠቃቀም፣ የናይትሮጅንና የፎስፎረስ ዑደት፣ ብዝኃ ሕይወትም አሉበት። በ2023 በወጣው ግምገማ ስድስቱ ታልፈው ተገኝተዋል። ካርቦን የትም ይለቀቅ የሚገባው አንድ ሰማይ ውስጥ ነው። ውሃና አፈር ግን የተፋሰስ ጉዳይ ናቸው። ጀርመን ነገ ከሰል ማንደድ ብታቆም ሐሮማያ ዳር የተተከለ ፓምፕ አይቆምም።

አሁን ወደ «ተመልሷል»። ሐሮማያ መውጫ ወንዝ የለውም። የሚገባለት በላዩ የሚወርደው ዝናብ፣ ከዙሪያው ኮረብታ የሚመጣው ጎርፍና ከከርሰ ምድር የሚሰርገው ውሃ ነው። የአካባቢው ዝናብ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ከክፍት የሐይቅ ገጽ የሚተነው ከ1 ሜትር በላይ ነው። ሐይቁ ማንም ሳይነካው እንኳ በጎርፍና በምንጭ የሚደጎም ነበር ማለት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 8 ሜትር ያህል፣ ስፋቱም 4.7 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ ላይ ሐረር ከተማ ትጠጣ ነበር፣ ዙሪያውን ጫት፣ ድንችና ሽንኩርት ይለማበት ነበር።

ፓምፖቹን በሒሳብ እንያቸው። ገበሬው ዘንድ የተለመደው ትንሽ ሞተር በሰከንድ 8 ሊትር ቢስብና በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 173 ሜትር ኩብ ያወጣል። እንዲህ ያሉ 100 ሞተሮች በበጋ 120 ቀን ቢሠሩ 2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ያ በሐይቁ ስፋት ሲካፈል 44 ሳንቲ ሜትር ነው። 8 ሜትር ጥልቀት ላለው ሐይቅ 44 ሳንቲ ሜትር አያስደነግጥም፤ ችግሩም እሱ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንዲሉ፣ ደለሉ በየክረምቱ ከእርሻው እየወረደ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል። ትነት የሚከተለው ደግሞ የገጹን ስፋት እንጂ ጥልቀቱን አይደለም። ስለዚህ ሐይቁ ሰፊና ጥልቀት የለሽ በሆነ ቁጥር ከያዘው ውሃ ላይ ፀሐይ የምትወስደው እጅ ያድጋል። ከአንድ ነጥብ በኋላ መጨረሻው ፈጣን ነው። በ2004 እና 2005 ሐይቁ ጭቃ ሆነ፣ የሐረር ውሃ ማጣሪያም ሥራ አቆመ። ጎረቤቱ የአዴሌ ሐይቅም በዚሁ መንገድ ሄዷል።

በ2010ዎቹ መጨረሻ ውሃው መልሶ የተኛው ጥሩ ዝናብ ስለዘነበ፣ በተራሮቹ ላይ እርከንና ተከላ ስለተሠራ፣ ደግሞም ትልቅ ጠጪ የነበረችው ሐረር ወደ ሌላ ምንጭ ስለዞረች ነው። ወጪው ሲቀንስ ሒሳቡ ሞላ። ይህ ወሰን መኖሩን የሚያሳይ እንጂ የሚክድ ማስረጃ አይደለም። ከአገር ውጭም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ የተባሉት ወንዞች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለጥጥ እርሻ ሲጠለፉ የአራል ባሕር ደረቀ። በ2005 የካዛኽስታኑ የኮክ አራል ግድብ ሰሜኑን ክፍል ለይቶ ሲያስቀር ውሃውም ዓሣውም ተመለሰ። ደቡቡ ግን ወንዙን የሚተውለት ስላላገኘ እስከ ዛሬ የጨው ሜዳ ነው። አንዱ ባሕር፣ ሁለት ውሳኔ።

«ሲያጥር ዋጋው ይወደዳል፣ ሰው ይቆጥባል» የሚለው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆይ። የጫት ዋጋ በአወዳይ ገበያ የሚንረው መቼ ነው? በበጋ፣ በዝናብ የሚበቅለው ቅጠል ሲጠፋ። ማሳው ውሃ ያገኘ ገበሬ ያን ጊዜ ለጋ ቅጠል ያወጣል፣ ጥሩ ዋጋም ያገኛል። እንግዲህ ዋጋው ሞተሩን የሚያስነሳው ሐይቁ ዝቅ ባለበት ወር ነው። ገበያው መልእክት አላስተላለፈም ማለት አይቻልም፤ አስተላልፏል፣ መልእክቱ ግን «ቆጥብ» ሳይሆን «ቶሎ ሳብ» ነበር። ከጫቱ ዋጋ ውስጥ ነዳጁ አለ፣ የለቃሚው ደመወዝ አለ፣ መኪናው አለ፣ ቀረጡ አለ። ውሃው የለም። ለሐይቁ ውሃ የሚከፍል ሰው ስለሌለ ውሃው ሊወደድ አይችልም፤ የሚወደደው ውሃውን የማውጣት ድካም ብቻ ነው። ሐይቁ ሸሽቶ ቱቦ ሲረዝም፣ ከዚያም በደረቀው ወለል ላይ ጉድጓድ ሲቆፈር ያ ድካም ጨምሯል። ገበሬው ጉድጓድ ቆፍሮ መስኖውን መቀጠሉ ግን ዋጋው እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ እንዳላቆመው ይመሰክራል።

አንድ ገበሬ ብቻውን ቢቆጥብስ? ያስቀረውን ጎረቤቱ ይስበዋል። ገበሬው ስግብግብ ሆኖ አይደለም፤ ሕጉ እንዲያ ነው የሚሸልመው። የነዳጅ ድጎማም እስከ 2022 ድረስ ሞተሩን ያግዝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ደረጃ በደረጃ መነሳት ጀመረ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ ውሃ የሚጠቀም ፈቃድ እንዲያወጣ ካዘዘ በኋላ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድንና ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ነፃ ያደርጋል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ተገቢ ምሕረት ነው። አንድ ሺህ ነፃ የሆኑ ጉድጓዶች አንድ ሐይቅ ዙሪያ ሲሰለፉ ግን ከአንድ ትልቅ ፋብሪካ ይበልጣሉ፣ በየትኛውም መዝገብ ላይም አይታዩም።

ዋጋ ከንቱ ነው እያልን አይደለም። ጥያቄው ቅደም ተከተሉ ነው። በ1988 እና 1994 መካከል በዓለም ባንክ የሠራው ኢኮኖሚስት ኸርማን ዳሊ ሦስት ጉዳዮችን ለያይቶ አስቀምጧል፦ ጠቅላላው መጠን ስንት ይሁን? ለማን ስንት ይድረስ? በመጨረሻም የደረሰው ምን ላይ ይዋል? ገበያ የሚያውቀው ሦስተኛውን ነው። የሽንኩርትና የጫትን ሚዛን ከማንኛውም ኮሚቴ የተሻለ ያሰላል። ሐይቁ ስንት ሜትር ኩብ ይችላል ብለው ቢጠይቁት ግን መልስ የለውም፤ ለዚያ አልተሠራምና።

ቴክኖሎጂ ያድነናል የሚለው ነጥብ ሁለት ቦታ ላይ ይሰበራል። የመጀመሪያው ጠብታ መስኖ ነው። 1,000 ሜትር ኩብ በቦይ ሲለቀቅ ተክሉ 500 ይጠጣል፣ 100 ይተናል፣ 400 ወደ ምድር ሰርጎ ወደ ጉድጓዱ ወይም ወደ ሐይቁ ይመለሳል እንበል። ከተፋሰሱ በእርግጥ የጠፋው 600 ነው። በጠብታ መስኖ ከዚያው 1,000 ላይ ተክሉ 900 ይወስዳል። በአንድ ሄክታር ሲታይ ድንቅ ቁጠባ ነው። ገበሬው ግን ሞተሩን አይቀንስም፤ በተረፈው ውሃ ማሳውን ያሰፋል። ያኔ ከተፋሰሱ የሚጠፋው ከ600 ወደ 900 ይወጣል። «ብክነት» ያልነው 400 የታችኛው ሰው ምንጭ ነበር። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1865 ስለ እንግሊዝ ድንጋይ ከሰል ያስተዋለውም ይህንኑ ነው፤ ሞተሩ ከሰል ቆጣቢ በሆነ ቁጥር አገሪቱ የምታቃጥለው ከሰል ጨመረ። ጠብታ መስኖ የሚቆጥበው ከላይ የመጠን ገደብ ሲጣል ብቻ ነው። (ቱቦው በደለል ውሃ መደፈኑ ሌላ ጣጣ ነው፤ ያለ ማጣሪያ ከተተከለ አንድ በጋም አይዘልቅም።)

ሁለተኛው የፀሐይ ፓምፕ ነው። የነዳጅ ሞተር በሰዓት 1 ሊትር ገደማ ስለሚያቃጥል ገበሬው ማሳው ሲረካ ያጠፋዋል፤ ነዳጁ ሳይታሰብ ልጓም ሆኖ ነበር። የፀሐይ ፓምፕ ከተገዛ በኋላ ተጨማሪው ሰዓት በነፃ ነው፣ ስለዚህ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይስባል። ለካርቦን መድኃኒት የሆነው ለውሃው በሽታ ሆነ። ለዚህ መላ የተሞከረው በሕንድ ጉጃራት በዱንዲ መንደር ነው። የፀሐይ ፓምፕ ያላቸው ገበሬዎች ተደራጅተው ከመስኖ የተረፈውን ኤሌክትሪክ ለመሥመሩ እንዲሸጡ ተደረገ። አሁን እያንዳንዱ የፓምፕ ሰዓት ዋጋ አለው፤ ውሃ ካልሳበበት ይሸጠዋልና። ሐሳቡ ብልህ ነው፣ የሚሠራው ግን መሥመሩ ደጅ ላይ ሲደርስና መብራት ኃይል በወቅቱ ሲከፍል ነው።

«መጀመሪያ መበልጸግ፣ ማጽዳቱ በኋላ» የሚለው ከአንድ ሥዕል የመጣ ነው፦ ብክለት ከገቢ ጋር ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታየው ይህ ቀስት የተሳለው እንደ ሰልፈር ጭስ ካሉ፣ ማጨሱን ሲተዉት አየሩ በሳምንታት ከሚጠራላቸው ነገሮች ነው። ለሚጠራቀምና ለሚመናመን ሀብት አይሠራም። አፈርን ውሰዱ። ስዊዘርላንዳዊው የአፈር ጥበቃ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በ1980ዎቹ በደጋው የታረሰ መሬት ላይ የገመተው አማካይ የአፈር ክለት በሄክታር በዓመት 42 ቶን ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.2 ቶን ቢመዝን 35 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ከማሳው ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአሥር ዓመት 3.5 ሳንቲ ሜትር። ተፈጥሮ ያን ያህል አፈር የምትሠራው በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ነው። «በኋላ» ስንደርስ የምናጸዳው ድንጋይ ነው።

ያ ቀስት በኢኮኖሚስቱ በሳይመን ኩዝኔትስ ስም ይጠራል። ኩዝኔትስ ግን የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ አስልቶ በ1934 ለኮንግረስ ሲያቀርብ፣ የአንድ ሕዝብ ደኅንነት ከዚህ ቁጥር ላይ ሊነበብ እንደማይችል አስጠንቅቆ ነበር። ይህን ማንሳታችን ጸሐፊው «መለኪያዎቻችን ደህና ናቸው» ስላሉ ነው።

ደህና መሆናቸውን በሐረር ውሃ እንፈትን። ከተማዋ ከሐይቁ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ የሐሮማያ ውሃ ብዙ ግፊት አይፈልግም ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ ውሃው ድሬዳዋ አቅራቢያ ካሉት የሀሰሊሶ ጉድጓዶች እንዲመጣ ተደረገ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቱቦው የሚሻገረው አፋፍ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 900 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት በፊዚክስ ሕግ 2.45 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ፓምፑና ሞተሩ ባንድነት ከሚወስዱት ኃይል 65 በመቶውን ብቻ ለውሃው ቢያደርሱ 3.8 ይሆናል። በቀን 5,000 ሜትር ኩብ ብንል 19,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በየቀኑ፣ ለዘለዓለም። ብሔራዊ ሒሳቡ ይህን እንዴት ይመዘግበዋል? ቱቦው ኢንቨስትመንት ነው፣ ይደመራል። ኤሌክትሪኩ ምርት ነው፣ ይደመራል። የበጋው ጫት ምርት ነው፣ ይደመራል። የሐይቁ መጥፋት የትም አይቀነስም። ሐረሬው የሚጠጣው ያው ውሃ ነው፣ ኢኮኖሚው ግን «አደገ»። በሬውን ሸጦ የበላ ገበሬ «ዘንድሮ ገቢዬ ጨመረ» አይልም፤ ጎተራውንም በረቱንም አብሮ ይቆጥራልና።

ይህ የኛ ብቻ ቅሬታ አይደለም። በመጋቢት 2025 የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ያጸደቀው አዲሱ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት የተፈጥሮ ሀብት መመናመንን እንደ ምርት ወጪ ቆጥሮ ከተጣራው የአገር ውስጥ ምርት ላይ እንዲቀነስ ያዛል። ጥሩ እርምጃ ነው፣ ቀዳዳም አለው፤ በጋዜጣ የሚወጣው የዕድገት መቶኛ ዛሬም ጠቅላላው እንጂ የተጣራው አይደለም፣ የብር ዋጋ ያልተተመነለት ሐይቅም ሊዘለል ይችላል። ለዚህ ነው ከ2012 ጀምሮ ያለው የአካባቢና ኢኮኖሚ ሒሳብ ማዕቀፍ ውሃን በሜትር ኩብ እንዲመዘገብ የሚፈልገው። በብር ከመጨቃጨቅ በፊት በሜትር ኩብ መተማመን ይቀላል።

የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችንም በአጭሩ እንያቸው። የመቂና የከታር ወንዞች የዝዋይ ሐይቅን ይሞላሉ፣ ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ የአቢጃታ ሐይቅን ይመግባል። ላይ መስኖው ሰፋ፣ ታች ሶዳ አሽ ፋብሪካው ራሱ ከሐይቁ ሳበ፣ አቢጃታ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ የሚሠሩት ነጭ ፔሊካኖች፣ ጎረቤቱ አቢጃታ ላይ ይመገቡ የነበሩት፣ አሁን ዝዋይ ድረስ ይበራሉ። የላይኛው ትርፍ ተመዝግቧል፣ የታችኛው ኪሳራ አልተመዘገበም።

የመጨረሻው ነጥባቸው፣ ወሰን መጣል ገበሬውን ማደህየት ነው የሚለው፣ ቁም ነገር አለው። ግማሽ ሄክታር የሌለውን ሰው ውሃ መከልከል ቀልድ አይደለም። ስለዚህ እንዴት እንደሚሠራ እንናገር።

መጀመሪያ ልኬት። በሐይቁ ውስጥ በሳንቲ ሜትር የተከፈለ ሰሌዳ ተክሎ ከፍታውን በየሳምንቱ ማንበብ፤ በጀልባ ሆኖ በክብደትና በገመድ ወለሉን መለካትና ለእያንዳንዱ ከፍታ ስንት ሜትር ኩብ እንዳለ ሠንጠረዥ ማውጣት። ደለል ስለሚጨምር ይህ ሠንጠረዥ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፤ ካልታደሰ የሌለ ውሃ ያከፋፍላል። ለትነት የመለኪያ ገንዳ ይበቃል፤ ከገንዳው የሚተነው ከሐይቁ ስለሚበልጥ በ0.7 ይባዛል። ከዚያ ዝቅ የማይባልበት ከፍታ ይወሰናል። ከዚያ በላይ ያለው፣ እስከ ቀጣዩ ክረምት የሚተነው ተቀንሶ፣ የሚከፋፈለው ነው።

ክፍፍሉ በሰዓት ይሁን። ቆጣሪ በአሸዋ ይያዛል፣ ይሰበራል፣ ይሰረቃል። የሞተሩን አቅም ለማወቅ 200 ሊትር በርሜል ይበቃል፤ በ25 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 8 ሊትር ነው። ድርሻው በሜትር ኩብ ይሰላና ወደ ሰዓት ይመነዘራል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ደጋግሞ ያበላሻል። አንደኛው የሞተር ቁጥር ተገድቦ መጠኑ ሳይገደብ ሲቀር ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ሁሉም ባለ 3 ኢንቹን በባለ 4 ኢንች ይለውጣል። ሌላው ሐይቁ ተገድቦ ዳር ያሉት ጉድጓዶች ሲተዉ ነው፤ ከዳርቻው 50 ሜትር ርቆ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚጠጣው ያንኑ ሐይቅ ነው።

ማን ይጠብቀው? አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችው ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የጋራ ሀብት መንግሥትም ገበያም ሳይዘው ሊዘልቅ እንደሚችል በማሳየቷ ነው። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች ላይ የማጠጫ ተራውን የሚያዘው አባ ሄሬጋ አለ፣ በደጋው መስኖ ደግሞ የውሃ አባት። ሁለቱም ተራ ይቆጥራሉ፣ ተራ የጣሰን ይቀጣሉ፣ የሚመርጣቸውም ውሃውን የሚጠጣው ሰው ነው። ወረዳው የሚያስፈልገው ቅጣታቸውን በሕግ ለመደገፍ ነው፣ ለመተካት አይደለም።

ካሳው ደግሞ ከከተማዋ ይምጣ። ከሐይቁ የምትቀዳው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ሐረርን 3.8 ኪሎዋት ሰዓት ያተርፍላታል። የሐይቅ ውሃ ለማጣራት አልሙንና ክሎሪን ይፈልጋል፣ ያ ወጪ ይቀነስ። የቀረው ላይኛው ገበሬ ለሚተወው ሰዓትና ለሚሠራው እርከን ሊከፈል ይችላል።

ድልድሉ የሚነገርበት ጊዜም ቀላል ነገር አይደለም። ጫት ቋሚ ተክል ነው፤ በበጋ ውሃ ቢቀር ለጋ ቅጠል አያወጣም እንጂ አይሞትም። ሽንኩርትና ድንች ግን ከተተከሉ በኋላ ውሃ ከተቋረጠባቸው ዘሩም ማዳበሪያውም ጉልበቱም አብሮ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ገበሬው ገደቡን ቢጥስ የሚፈርድበት የውሃ አባት አይገኝም። ስለዚህ ሰሌዳው ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረም መጨረሻ ይነበባል፤ የእያንዳንዱ ሰው ሰዓትም ችግኝ መደብ ላይ ሳለ ይነገራል።